ከገና ሜዳ ዳር፤ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ደጋፊና ስለ ሴቶች ድርሻ የተነገረ

ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ፣ ገሚሶቻችሁ የጉናን ብርድ፣ ገሚሶቻችሁም የቆላውን ሐሩር አቋርጣችሁ በዚህ የተሰበሰባችሁ ወገኖቼ፤ ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት የልጆች ጉዳይ የሚመስል፣ ሲመረምሩት ግን የአንድን ሕዝብ ልማድና ኅሊና ገልጦ የሚያሳይ ነው፤ ይኸውም ጨዋታ ነው። ስለ ጨዋታም ስናገር በሜዳው መካከል ስለሚሮጠው ሰው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በሜዳው ዳር ቆሞ ስለሚያየው፣ ስለሚጮኸው፣ ስለሚዘፍነውና ስለሚያለቅሰው፣ ከእነዚህም መካከል ለይቼ ስለ ሴቲቱ ነው።

በከተማ ያለው ወጣት ለሚወደው ቡድን የሚጮኸውን ሰው ቲፎዞ ይለዋል። ቃሉ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ነው፤ በዚያም ቋንቋ ሥሩ ቲፎ የሚባለው ብርቱ የትኩሳት በሽታ ስም ስለ ሆነ፣ ቲፎዞ ማለት የጨዋታ ትኩሳት የያዘው፣ በሰው ሩጫ የሚያተኩሰው ሰው ማለት ነው። ከውቅያኖስ ማዶ፣ በአርጀንቲናና በኡራጓይ፣ ይህንኑ ሰው ኢንቻ ይሉታል፤ ትርጓሜው የሚነፋ ማለት ሲሆን፣ ስለ መነሻውም ሲያወጉ፣ በሞንቴቪዴዎ ከተማ ናሲዮናል ለሚባለው ቡድን ኳስ እየነፋ የሚያዘጋጅ አንድ ሠራተኛ ነበረ፣ ጨዋታው በተጀመረ ጊዜም ድምፁ ከሁሉ በላይ ይሰማ ስለ ነበር የእርሱ የሥራ ስም ለደጋፊ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ ይላሉ። የእኛ አማርኛ ግን ደጋፊ ይለዋል። ደገፈ የሚለው ግስ የዘመመ ቤት እንዳይወድቅ እንጨት ሲቆምለት የምንናገርበት ግስ ነው። አንዱ ሕዝብ ትኩሳቱን አየ፤ ሁለተኛው ትንፋሹን አየ፤ የእኛ አባቶች ግን ምሰሶውን አዩ። ሦስቱም ስሞች እውነት አላቸው፤ እኔ ግን ዛሬ ልመሰክር የምወደው ለሦስተኛው ነው፤ በአገራችን የጨዋታ ቤት ምሰሶው ከጥንት ጀምሮ ሴት ነበረችና፤ ቤቱን ደግፋ ታቆመው ነበር እንጂ ገብታ እንድትቀመጥበት አልተፈቀደላትም።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም፤ ወደ ገና ጨዋታ እመለሳለሁ። በዚህ ጉባኤ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል በታኅሣሥ መጨረሻ፣ መኸሩ ተሰብስቦ ማሳው ሲራቆት፣ ከወይራ ወይም ከሌላ ጽኑ እንጨት ጫፉ የቆለመመ ዱላ ፍለጋ ገደል ለገደል ያልዞረ አለ ብዬ አላምንም። ሩሩ፣ በዱላው የሚመታው ኳስ፣ ከእንጨት ሥር ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተጠቅልሎ ይሠራል፤ ሜዳው ወሰን የለውም፤ የተጫዋቹ ቁጥርም ልክ የለውም፤ ላይኛው ሰፈር ከታችኛው ሰፈር፣ አንዱ አጥቢያ ከሌላው አጥቢያ፣ አንዳንድ ጊዜም ያገባው ካላገባው ጋር ይገጥማል። የእኛ አገር ጋይንት ራሱ ላይና ታች ተብሎ የተሰየመ ስለ ሆነ፣ ሰው ገና በልጅነቱ ላይኛው ወይም ታችኛው መሆኑን ከስሙ ጋር አብሮ ይማረዋል። ትውፊቱ እንደሚናገረው፣ በቤተ ልሔም ሜዳ መንጋቸውን በሌሊት ይጠብቁ የነበሩ እረኞች የመድኃኔ ዓለምን መወለድ ከመላእክት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ፤ ስለዚህም ጨዋታው በበዓሉ ስም ተጠራ። በዚያ ቀን እረኛው ከባላባቱ ጋር እኩል ይጋፋል፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለውም ስለዚህ ነው። እነሆ፣ የዓመቱን ሁሉ ማዕርግ ለአንድ ቀን የሚሽር ጨዋታ ነበረን፤ ሎሌና ጌታን እኩል ያደረገ ነበረ፤ ነገር ግን ወንድና ሴትን እኩል ሊያደርግ ልብ አላገኘም።

እንግዲህ ሴቶቹ በዚያ ሰዓት ከወዴት ነበሩ? ከሜዳው ዳር፣ ከአምባው ጥግ፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሹሩባቸውን ተሠርተው ቆመው ነበር። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቢያያቸው ለጌጥ የቆሙ ይመስሉታል። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። የጨዋታው ዳኛ ሽማግሌው ነበረ፤ የጨዋታው ጸሐፊ ግን ሴቲቱ ነበረች። ሩሩን አሻግሮ የመታ ጎልማሳ ስሙ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ በየወንዙ የሚነሣው ውኃ ቀጂዎቹ በግጥም ካወጡት ነበር፤ ከግጭት የሸሸም እንደ ሆነ ነውሩ በዚያው መንገድ ይዞር ነበር። ጨዋታው ካለቀ በኋላ በምሽት በየግቢው በሚደረገው ዘፈን አሸናፊው ሰፈር ተሸናፊውን ሲዘልፍ፣ ስድቡ ሁሉ በሥርዓት የተፈቀደ፣ ቂም የማይያዝበት ሆኖ፣ ከስድቡ ብልጫ ያለውን የምታወጣው ብዙ ጊዜ ሴት ነበረች። ጉልበት የወንዱ ነበረ፤ ዝናው ግን በሴቲቱ አፍ ላይ ነበረ። ዝና የሌለው ጉልበት በሬም አለው፤ ስለዚህ ወንዱን ጀግና ያደረገችው እርሷ ናት ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በእኛ አጥቢያ በተደረገ ገና፣ ሩሩ ከተጫዋቾቹ መካከል ተፈናጥሮ ሴቶቹ ከቆሙበት ገባ። ሴቶቹ ጮኸው ተበተኑ። ታላቅ እኅቴ፣ እታለም እያልሁ የምጠራት፣ ብቻዋን ቀረች፤ አንድ ጎልማሳ ወድቆ የተወውን ዱላ ከእግሯ ሥር አነሣችና ሩሩን መታችው። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ምት አላየሁም ብል እኅቴ ስለ ሆነች ይመስላችኋል፤ ነገር ግን ሩሩ ከወንዶቹ ራስ በላይ አልፎ ከታችኛው ሰፈር ወሰን ማዶ መውደቁን ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ሜዳው ጸጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ተማከሩና፣ ሴት የነካችው ሩር አይቆጠርም፣ ጨዋታው ከመካከል ይጀመር ብለው ፈረዱ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በልማዱ ያልተጻፈውን ነገር ለመዳኘት ሕግ አላገኙለትም ነበር። እታለም ዱላውን ለባለቤቱ መለሰች፤ መቀነቷን አጠበቀች፤ ወደ ጓደኞቿም ሄዳ ቆመች። በዚያ ምሽት ዘፈኑ ሁሉንም አነሣ፤ የእርሷን ምት ግን ያነሣ አልነበረም፤ እርሷም ራሷ ግጥም አዋቂ ስትሆን ስለ ራሷ አላወጣችም።

ስለ ጉግስ ብዙ አልናገርም፤ እርሱ የፈረሰኛ ጨዋታ፣ የጦር ልምምድ በመሆኑ የወንድ መባሉ ምክንያት አለው፤ በእርሱም ቢሆን ፈረሰኛው ዘንጉን ወርውሮ ሲመለስ እልልታውን የሚሰማው ከየት እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይልቅስ መዘንጋት የሌለበት፣ ልጃገረዶቻችን የራሳቸው ጨዋታ ያላቸው መሆኑ ነው። ለቅዱስ ዮሐንስ አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ በመሬት ላይ መስመር አስምረው በአንድ እግር ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ፤ አምስት ጠጠር ይዘው ቅልሞሽ ይጫወታሉ፤ በምሥራቅ ጎረቤቶቻችን በላስታና በዋግም አሸንድዬና ሻደይ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ አደባባዩን ለልጃገረዶች ያስረክባሉ። ቅልሞሽ የምትጫወተውን ልጅ እጅ ያየ ሰው፣ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውራ ሌላውን ከመሬት አፍሳ ሲመለስ የምትቀልበውን ልጅ ያስተዋለ ሰው፣ ዐይንና እጅ ተስማምተው መሥራታቸው ለወንድ ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው ለማለት አፉን ሞልቶ አይደፍርም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የወንዱ ጨዋታ ሜዳውን ሁሉ ሲይዝ፣ የሴቷ ጨዋታ በደጃፍ ስፋት ተወሰነ፤ የወንዱ ጨዋታ ተመልካች ሲኖረው፣ የሴቷን የሚመለከት እናት ብቻ ናት፤ እርሷም ውኃ ቅጂ ብላ እስክትጠራት ድረስ ነው።

አሁን ለጥቂት ጊዜ ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፤ የሰው ልጅ ልማድ በየምድሩ ሲመሳሰል ማየት ስለ ራሳችን ያለንን ፍርድ ያቀናልናልና። ዛሬ በእግር ኳስ ዓለም ሁሉ የሚያውቃት አርጀንቲና ይህን ጨዋታ የተቀበለችው ከእንግሊዞች እጅ ነበር። የባቡር ሐዲድ ሊዘረጉ፣ ሥጋና እህል ሊነግዱ በመጡት መካከል አሌክሳንደር ዋትሰን ኸተን የሚባል የስኮትላንድ መምህር ነበረ፤ በ1884 እ.ኤ.አ. በቦይነስ አይረስ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ኳስን የትምህርት ክፍል አደረገው፤ በ1893 እ.ኤ.አ. የሊጉን ማኅበር መሠረተ፤ የእርሱ ተማሪዎች ያቆሙት አሉምኒ የሚባለው ቡድንም ለብዙ ዓመት የሚያሸንፈው ጠፍቶ ነበር። ከዚያ የኢጣልያና የእስፓኝ ስደተኞች ልጆች ከወደብ ሰፈር ተነሥተው፣ ሪቨር ፕሌትን በ1901፣ ቦካ ጁኒየርስን በ1905 እ.ኤ.አ. አቋቋሙ፤ በ1913 እ.ኤ.አ. ራሲንግ የሚባለው የአገር ልጆች ቡድን ዋንጫውን በወሰደ ጊዜም ጨዋታው ከእንግሊዞች እጅ ወጥቶ የሕዝቡ ሆነ።

የሕዝቡ ሆነ ስል ግን የግማሹ ሕዝብ ማለቴ ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. ኤል ግራፊኮ የሚባል መጽሔት መታተም ጀመረ፤ ቆየት ብሎም የስፖርት መጽሔት ሆኖ፣ በባዶ መሬት ላይ ያለ መምህር ኳስ የተማረውን ድኻ ልጅ፣ ብልጠቱንና ተንኮሉን፣ የአርጀንቲና ሰው እውነተኛ መልክ ይህ ነው ብሎ ሣለው። ለአንዲት ከየአገሩ ስደተኛ የተሰበሰበባት አዲስ አገር ይህ ታላቅ ነገር ነበር፤ ሰው ሁሉ የእኔ ናት የሚላት ምስል ተገኘችለት። ነገር ግን ምስሉ የወንድ ልጅ ምስል ነበረ። ወይዛዝርቱ ከመቀመጫቸው ሆነው በማየታቸው ጋዜጦቹ ጨዋታው ተዋበ ብለው ይጽፉ ነበር፤ እዩልን ተባሉ እንጂ ተጫወቱ አልተባሉም። ስለ ሰውነት ማሠልጠን ብዙ የደከመው ሐኪም ኤንሪኬ ሮሜሮ ብሬስት ለሴቶች ልጆች እንቅስቃሴ ይገባቸዋል ብሎ ተከራከረ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል፤ ሆኖም የዚያ ዘመን ሊቃውንት ለሴት የሚፈቅዱት እንቅስቃሴ ጤናማ እናት እንድትሆን የሚረዳውን ነበርና፣ የልጂቱ ደስታ ከሒሳቡ አልገባም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ በፋብሪካ የገቡት ሴቶች ኳስ ጀመሩ፤ ዲክ ኬር በሚባለው ፋብሪካ ስም የሚጠራው የሴቶች ቡድን በ1920 እ.ኤ.አ. በልደት በዓል ማግስት በሊቨርፑል ከተማ ሲጫወት 53000 ሰው ሊያያቸው ገባ። እኛ በገና ዱላ ይዘን በምንጋፋበት በዓል፣ እነርሱ ሴቶቻቸውን ሊያዩ ተጋፉ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1921 እ.ኤ.አ.፣ የእግር ኳሱ ማኅበር ይህ ጨዋታ ለሴቶች አይስማማም ብሎ ሜዳዎቹን ዘጋባቸው፤ እገዳውም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። ብራዚልም በ1941 እ.ኤ.አ. በሕግ ከለከለች። ይህን የምናገረው የሌላውን ሕዝብ ጥፋት ቆጥሬ የእኛን ለማቃለል አይደለም፤ የእኛ ሽማግሌዎች የእታለምን ምት ሲሽሩ፣ በለንደን ያሉት ባለ ባርኔጣ ሽማግሌዎችም ያንኑ ፍርድ በወረቀት ጽፈው፣ ማኅተም መትተው ያውጁት እንደ ነበረ እንድታውቁልኝ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር ድንበራችንን ጥሶ በገባበት ወራት፣ በአዲስ አበባ አራዳ የነበሩ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለውን የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። በዚያ ቀን ቡድን ማቋቋም ጊዜውን ያልዋጀ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ዘመኑ ግን ሌላ ፈረደ፤ ጠላት ከተማውን ሲይዝ ያ ስም የአገር ልጅነት ምልክት ሆነ። በዚያ ቡድን የተጫወተው ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. መራው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲዮም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሲደረግ፣ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነች በኋላ በተጨማሪው ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ዋንጫውንም አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። በዚያ ቡድን የተጫወተውን የመንግሥቱ ወርቁን ስም ያላወጣ የዚያ ዘመን ልጅ አልነበረም፤ እኛም በጋይንት ተራራ ላይ ራዲዮ ካለው ሰው ደጅ ተሰብስበን ስሙን ተማርነው።

በዚያ ስም ስንማረክ ያላስተዋልነው ነገር ነበረ። በገና ሜዳ ዳር የሴቷ ቦታ የታወቀ ነበር፤ በስታዲዮሙ ግን ያም ቦታ ጠፋ። የመግቢያ ትኬት የሚገዛው ገንዘብ በእጁ ያለው፣ ሰንበቱን ከቤት ውጭ የሚያውለው ወንድ ነው፤ ስለ ተጫዋቹ የሚነገረው ዝና ከውኃ ቀጂዋ ግጥም ወጥቶ ወደ ጋዜጠኛው ብዕርና ወደ ራዲዮ አዋጅ ተዛወረ። ሥልጣኔ ለሴቷ ብዙ አምጥቷል፤ ትምህርት ቤት አምጥቷል፤ ሐኪም ቤት አምጥቷል፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ከወንድሟ እኩል የመምረጥ መብት ሰጥቷታል፤ ይህንንም መብት የአርጀንቲና ሴቶች ራሳቸው ያገኙት በ1947 እ.ኤ.አ.፣ ከእኛ ስምንት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነበር። በጨዋታ ረገድ ግን አሮጌውን ሥልጣን ወስዶባት በምትኩ አዲስ ነገር ሳይሰጣት ረዥም ዘመን አለፈ። የአገሯን እንደራሴ የምትመርጥ ሴት፣ ኳስ እንድትመታ የሚፈቅድላት አላገኘችም።

መልሱ የመጣው ካልጠበቅንበት መንገድ፣ ከሩጫው ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ ከአርሲ በቆጂ የመጣች ደራርቱ ቱሉ የምትባል ወጣት 10000 ሜትር ሮጣ ወርቅ ወሰደች፤ በኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ ከእርሷ ቀጥላ የገባችውን ነጭ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ኤላና ማየርን እጅ ለእጅ ይዛም ሜዳውን ዞረች። ከአራት ዓመት በኋላ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ የኦሎምፒክ ማራቶንን ስታሸንፍ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ነበረች። ከጫጫ፣ ከደብረ ብርሃን አጠገብ፣ የተነሣችው ጌጤ ዋሚ በ1999 እ.ኤ.አ. በሴቪል የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በዚያች በባርሴሎናዋ ሌሊት እኔ በአንድ የከተማ ቡና ቤት ነበርሁ፤ ቤቱን የሞሉት ወንዶች ነበሩ፤ ደራርቱ መጨረሻውን ዙር ስትፈተለክ፣ እልልታ የሴት ነው ብሎ ያደገው ወንድ ሁሉ እልል አለ። አንድ ሽበታም ሰው፣ ጋቢያቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው፣ እልልታው አልመጣ ብሎአቸው እንባ ብቻ ሲወርዳቸው አይቻለሁ። በዚያ ሌሊት ሴቷ በመካከል ሮጠች፤ ወንዱ ከዳር ቆሞ ደገፈ፤ ሰማይም አልተናደም።

የኛ ተራራ ልጆች ይህን ሩጫ ከማንም በላይ ያውቁታል። ከ2500 ሜትር በላይ በሆነ ምድር ተወልዳ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ሁለት ሸለቆ የምትወርድና የምትወጣ የጋይንት ልጅ፣ ከበቆጂዋ ልጅ በምን ታንሳለች? ሳንባዋ አያንስም፤ እግሯም አያንስም። የሚያንሳት ሰዓት ነው። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጨርቅ ኳሱን ይዞ ወደ ሜዳ ሲወርድ፣ እርሷ እንስራ ይዛ ወደ ምንጭ ትወርዳለች፤ እርሱ ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ፣ እርሷ ማገዶ ተሸክማ ላብ በላብ ሆና ትመለሳለች፤ የእርሱ ላብ ጨዋታ ይባላል፣ የእርሷ ላብ ስም የለውም። የቤተ ሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም፣ በየቀበሌው ያላችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በ14 ዓመቷ የምትዳር ልጅ ዛሬም አልጠፋችም፤ ለእርሷ ደግሞ ጨዋታ የሚባለው ዕድሜ ገና ሳይጀመር ያልቃል።

አንዳንድ ካህናት አባቶቻችን የሴት ልጅ በሜዳ መሮጥ ለጨዋነት አይስማማም ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም፤ ልጅን መጠበቅ ከፍቅር የሚመጣ ነውና። ነገር ግን ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የክርስቲያንን ሕይወት ሲያስተምር በሜዳ የሚሮጡትን ምሳሌ አድርጎ መጥቀሱን፣ እሽቅድምድምንም ለነፍስ ትምህርት መውሰዱን እነርሱው አስተምረውናል። ልብሱን እንደ አገሩ ጨዋነት ማድረግ ይቻላል፤ ሜዳውን ከመንደሩ አጠገብ፣ እናት ከምታይበት ማድረግ ይቻላል፤ ሴት መምህራን እንዲያሠለጥኗቸው ማድረግ ይቻላል። ይህ ሁሉ የሚቻል ነገር ነው፤ የማይቻለው በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩትን ከሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወደ ሜዳ፣ ሌላውን ወደ ምንጭ ሰድዶ፣ ስለ ሁለቱም እኩል ተማሩ ማለት ነው።

በአሁኑ ጊዜ በንፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ፣ በወገዳና በአርብ ገበያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብትዞሩ፣ ወጣቱ በዲ ኤስ ቲቪ ቤት ተጨናንቆ ስለ አርሴናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲከራከር ታገኙታላችሁ። ለፋሲል ከነማ የሚሞትም አለ፤ በ2013 ዓ.ም. ፋሲል የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ በጎንደር የሆነውን ደስታ የምናስታውሰው ነው፤ ለባሕር ዳር ከተማ የሚጮኽም አለ። ይህን ፍቅር አልነቅፍም፤ ሰው ከራሱ ውጭ የሚደሰትበት ነገር ሲያገኝ ልቡ ይሰፋል። ሆኖም በእነዚያ ቤቶች ሴት ልጅ አታገኙም፤ ብታገኙም ሻይ የምታቀርበዋን ነው። ከእነዚያ ወጣቶች መካከል የቡድኑን አሰላለፍ በቃሉ የሚያውቅ፣ ሉሲ ስለሚባለው የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ግን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ መውጣቱን የማያውቅ ብዙ ነው። ሎዛ አበራ ከከምባታ ተነሥታ በባሕር ማዶ ክለብ እስከ መጫወት መድረሷን፣ ሊዲያ ታፈሰ በ2019 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ በሴቶች የዓለም ዋንጫ ፊሽካ ይዛ መዳኘቷን ስንነግረው ይደነቃል። የሊዲያን ነገር በተለይ ላሰምርበት እወዳለሁ፤ በእኛ ገና ሜዳ የሴቷን ምት ለመዳኘት ሕግ አልተገኘም ነበር፤ በኋላ ግን የኢትዮጵያ ልጅ የዓለምን ሕግ ይዛ በመካከል ቆማ ዳኘች።

ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ያላችሁትን መምህራንና ወላጆች የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በየትምህርት ቤታችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሜዳው የልጃገረዶች ይሁን፤ በዚያ ሰዓት ወንዶቹ ልጆች ወደ ምንጭ ይውረዱ። በመጀመሪያው ሳምንት ይስቁባቸዋል፤ እነርሱም ያፍራሉ፤ በአራተኛው ሳምንት ግን እንስራ ማንሣት ክንድ እንደሚጠይቅ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ገናም ሲመጣ፣ በየአጥቢያው ያላችሁ ሽማግሌዎች፣ ከዋናው ጨዋታ በፊት ለልጃገረዶች አንድ ዙር ስጡልን፤ ወንዶቹም ከዳር ቆመው ይደግፉ፤ ግጥም የሚያውቅም ካለ ያውጣላቸው።

እኅቴ እታለም ዛሬ አሮጊት ናት፤ ጉልበቷ ደክሟል፤ ዐይኗም ፈዟል። ባለፈው ገና ልጠይቃት ሄጄ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ፣ የልጅ ልጇ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን፣ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆ የተሠራ ኳስ ይዛ ገባች። እታለም እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት፤ በመዳፏ ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረገችው፤ ስለዚያ ቀን በመካከላችን አንድ ቃል ተነሥቶ የማያውቅ ሲሆን፣ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ከሩሩ ይቀላል» አለችኝ።